ኮሮላዬ ከ«ፒ» አልወጣ አለ፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሳይወርድ እቤት ሊጠገን ይችላል?

የካ ነዋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የ2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፤ አውቶማቲክ ናት፣ የገባችውም ከዱባይ ነው። ሰሞኑን ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ፣ ፍሬን ረግጬ የማርሽ ዘንጉን ከ«ፒ» (ማቆሚያ) ወደ «አር» (ወደ ኋላ መሄጃ) ላመጣ ስል ዘንጉ ጨርሶ አልነቃነቅ አለኝ። ሞተሩ ያለ ምንም ችግር ይነሳል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የለም፤ የካምቢዮ ዘይቱም ከተቀየረ ብዙ አልቆየም። ከዚህ በፊትም አልፎ አልፎ እንቢ ይለኝ ነበር፤ ሆኖም ፍሬኑን ደጋግሜ ስረግጠው ይለቅ ስለነበር ትኩረት አልሰጠሁትም። አሁን ግን ቢረገጥም ባይረገጥም ለውጥ የለውም።

በስልክ ያማከርኩት አንድ ጋራዥ ካምቢዮው ወርዶ መታየት እንዳለበትና መኪናዋን አስጎትቼ እንዳመጣ ነገረኝ። መኪናዋ የቆመችው ግቢ ውስጥ ነው፤ በሩ ጠባብ፣ መውጫውም ዳገት ነው። የፊት ጎማዎቿ ተቆልፈው ሳለ ከዚያ ማውጣቱ ራሱን የቻለ ወጪና ጣጣ አለው። ቴስተር፣ ካቻቢቴና ሙሉ የቁልፍ ስብስብ አለኝ፤ የኤሌትሪክ መስመር መለካትም እችላለሁ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ራሴ ልፈትሸው የምችለው ነገር ካለ ከየት ልጀምር? ደግሞስ በግድ ብጎትተው የሚሰበር ነገር ይኖር ይሆን?

የቃሊቲ መካኒክ፦

ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ በግድ አይጎትቱት፤ የሚሰበረው ከዘንጉ ሥር ያለው ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ከተሰበረ ደግሞ ሙሉ የዘንጉን መቀመጫ መግዛት ግድ ይሆናል። ካምቢዮውን ለማውረድ የሚያበቃ ምልክት ግን በገለጹት ውስጥ አንድም አላየሁም። ካምቢዮ ሲታመም የሚታየው ዘንጉ ከገባ በኋላ ነው፤ መኪናው ይንሸራተታል፣ ማርሽ ሲቀይር ይመታል፣ ወይም ጨርሶ አይሄድም። የእርስዎ መኪና እዚያ ደረጃ ላይ አልደረሰችም፤ ገና ከመነሻው ተቆልፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንጉ «ፒ» ላይ ሲሆን ከሥሩ ባለች ትንሽ ምላስ ተይዞ ይቆለፋል። ያችን ምላስ የሚያስለቅቃት ሶሌኖይድ (በኤሌትሪክ የሚሠራ ማግኔት) ነው፤ ሶሌኖይዱ ደግሞ የሚሠራው ቁልፉ ተከፍቶ ፍሬን መረገጡ ሲነገረው ብቻ ነው። ይህንን የሚነግረው ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለው ስዊች ነው፤ የኋላ የፍሬን መብራቶችን የሚያበራውም ያው ስዊች ነው። ስለዚህ ዘንጉ ከ«ፒ» አልወጣ ሲል መጀመሪያ መታየት ያለበት የመኪናው ኋላ ነው። ፍሬን ደጋግመው ሲረግጡ ይለቅ እንደነበር መናገርዎም ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል፤ የስዊቹ መገናኛ ሲቃጠልና ሲበላ አንዴ እያገናኘ አንዴ እየዘለለ ቆይቶ በመጨረሻ ጨርሶ ያቆማል።

ከሁሉ በፊት የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡ፤ ጎማዎቹንም በሁለቱም በኩል በታኮ ይያዙ። ዘንጉ በድንገት ቢለቅ መኪናዋ በራሷ ልትንከባለል ትችላለች፤ ግቢ ውስጥ ደግሞ ልጆች ይኖራሉ። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሱ ሰው ከኋላ አቁመው ፍሬን ይርገጡ፤ በቶዮታ የፍሬን መብራት ያለ ቁልፍ ይበራል። ግራው፣ ቀኙና ከመስተዋቱ ሥር ያለው ሦስተኛው መብራት አንድ ላይ ጠፍተው ከሆነ ችግሩ አምፖል ሊሆን አይችልም፤ ሦስት አምፖል በአንድ ጊዜ አይቃጠልምና። ደግሞም የተቃጠለ አምፖል ዘንጉን አይቆልፍም፤ ወደ ዘንጉ የሚሄደው መልእክት የሚነሳው ከስዊቹ እንጂ ከአምፖሉ አይደለም። በዚህ ጊዜ «ስቶፕ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፊውዝ ይመልከቱ። ፊውዙ ተቃጥሎ ካገኙት ተመሳሳይ አምፔር ባለው ፊውዝ ይተኩት፤ ወዲያው ዳግም ከተቃጠለ የተላጠ ሽቦ አለ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘውም የኋላ ኮፈኑ ሲከፈትና ሲዘጋ በሚታጠፈው የሽቦ ጥቅል ውስጥ ወይም በአምፖሉ መያዣ ላይ ነው። ከፍ ያለ አምፔር ያለው ፊውዝ በፍጹም እንዳያስገቡ።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ወደ ስዊቹ ይሂዱ። በጀርባዎ ተኝተው ባትሪ መብራት ይዘው ከፔዳሉ በላይ ቀና ብለው ሲያዩ፣ ሽቦ የተሰካበት፣ ከፊቱ አጭር መርፌ የወጣለት ዕቃ ያገኛሉ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ያንን መርፌ ወደ ውስጥ ገፍቶ ይይዘዋል፤ ሲረገጥ መርፌው ይወጣና ኤሌትሪኩ ይገናኛል። ሽቦው እንደተሰካ በቴስተር ከኋላው ይለኩ፤ አንደኛው ሽቦ ምንጊዜም 12 ቮልት አካባቢ ሊኖረው ይገባል፤ ሌላኛው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ተመሳሳይ ቮልት ማሳየት አለበት። አንደኛው ላይ ኖሮ ሌላኛው ላይ ከሌለ ስዊቹ ሞቷል።

መብራቶቹ ደህና ሲበሩ ካገኟቸው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ቁልፉን ወደ «ኦን» አድርገው ሞተሩን ሳያስነሱ ፍሬን ይርገጡና ጆሮዎን ወደ ዘንጉ ያስጠጉ። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ሶሌኖይዱ እየሠራ ነው፤ የሚይዘው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው፤ ከዘንጉ ሥር የገባ ሳንቲም፣ የፈሰሰ ቡና ወይም ለስላሳ መጠጥ ከነስኳሩ ደርቆ ያጣበቀው ምላስ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ከሌለ መሃል ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ወጥቶ ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደው ኤሌትሪክ መለካት አለበት። ሽፋኑን ከመንካትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ፤ በዚያ አካባቢ የኤርባግ መቆጣጠሪያ አለና ቢጫ ሶኬቶችን አይንቀሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናዋ የቆመችው ዳገት ላይ ከሆነና ያለ እጅ ፍሬን «ፒ» ላይ ብቻ ትተዋት ከሆነ፣ ሙሉ ክብደቷ ያረፈው ካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት የብረት ጥርስ ላይ ነው። ያኔ ኤሌትሪኩ ደህና ሆኖም ዘንጉ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሲለቅም በኃይል «ዷ» ብሎ ይለቃል። ሽሮ ሜዳና እንጦጦ አካባቢ የሚኖሩ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚያመጡት አቤቱታ ይህ ነው። መፍትሔው መኪና ሲያቆሙ የሚጠበቅ ቅደም ተከተል ነው፤ እግር ፍሬን ላይ እንዳለ ዘንጉን «ኤን» (ነፃ ማርሽ) ላይ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን መሳብ፣ እግርን ቀስ ብሎ በማንሳት ክብደቱ የእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና ፍሬን ረግጦ «ፒ» ማስገባት። የእርስዎ ግን በፍጹም አልነቃነቅ ማለቱና ፍሬን ሲደጋገም ይለቅ የነበረ መሆኑ ወደ ስዊቹ ያመለክተኛል።

ባለ ታክሲ፦

እኔ ከተሞክሮ ልንገርዎት። የእኔም መኪና እንዲሁ አስቸግራኝ አንድ መካኒክ ከዘንጉ ሥር ያለችውን ምላስ አውጥቶ ጣላት። ከዚያ ወዲህ ፍሬን ተረገጠ አልተረገጠ ዘንጉ እንደ ልብ ይገባል ይወጣል፤ ችግርም አልገጠመኝም። ሥራው ሻይ በሚጠጣበት ጊዜ ውስጥ ያልቃል፤ ስዊች ፍለጋ ሶማሌ ተራ መመላለስም አያስፈልግም። ለአስቸኳይ ጊዜ ደግሞ ከዘንጉ አጠገብ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች፤ እሷን አንስተው ቀዳዳው ውስጥ ካቻቢቴ አስገብተው ወደ ታች ሲጫኑ ዘንጉ ይለቃል።

የካ ነዋሪ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በታዘዝኩት ቅደም ተከተል ፈትሻለሁ። የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ይዤ ባለቤቴን ከኋላ አቆምኳት፤ ሦስቱም የፍሬን መብራቶች አይበሩም። ፊውዙን አውጥቼ በቴስተር ለካሁት፣ ደህና ነው። ስዊቹ ጋ አንደኛው ሽቦ 12.4 ቮልት ያሳያል፤ ሌላኛው ፔዳሉ ቢረገጥም ምንም አያሳይም። ስዊቹን ነቅዬ መርፌውን በጣቴ ስገፋና ስለቅ ቴስተሩ ምንም መገናኘት አላሳየኝም። ባለ ታክሲ የጠቀሱትን ክዳንም አገኘሁት፤ ከሥሩ በተጫንኩ ጊዜ ዘንጉ ያለ ችግር ከ«ፒ» ወጥቷል፤ መልሼ «ፒ» ላይ አስገብቼዋለሁ።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ሁለት ነው። አዲሱን ስዊች ስገጥም ልጠነቀቅበት የሚገባ ልክ አለ? ምላሷን አውጥቶ መጣሉን በተመለከተስ የእርስዎ አስተያየት ምንድን ነው?

የቃሊቲ መካኒክ፦

እንኳን ደስ አለዎት፤ ከካምቢዮ ማውረድ ተረፉ። ስዊቹን ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ የሽቦው ብዛት፣ የመርፌው ርዝመትና የጥርሱ ውፍረት ይለያያል፤ በዓይን የሚመሳሰሉ ሁለት ስዊቾች አንዱ ሲገናኝ ሌላው የሚለያይ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሻጩ ቴስተር ካለው እዚያው መርፌውን ተጭነው ይሞክሩት፤ ሲለቀቅ መገናኘት፣ ሲጫን መለያየት አለበት።

ሲገጥሙት ዳዶውን ካላሉ በኋላ ስዊቹን እያዞሩ ወደ ፔዳሉ ያስጠጉት። መርፌው ሙሉ በሙሉ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ያቁሙና ዳዶውን ያጥብቁ፤ የስዊቹ አካል ራሱ ፔዳሉን መግፋት የለበትም። ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም። ስዊቹ ፔዳሉን በትንሹም ቢሆን ተጭኖ ከያዘው ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ የፍሬን ሸራው ዲስኩ ወይም ከበሮው ላይ እየተሸ ይሞቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑ ሊከዳ ይችላል። ገጥመው ሲጨርሱ ሞተሩን አጥፍተው፣ ፔዳሉን ደጋግመው በመርገጥ የፍሬን ማገዣው (ፔዳሉን የሚያቀልለው ዕቃ) የያዘውን ቫኩም ከጨረሱ በኋላ ፔዳሉን በጣትዎ ይግፉት፤ ክብደት ከመሰማቱ በፊት ከ1 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል ነፃ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል።

ምላሷን ስለማውጣት ባለ ታክሲ በቅንነት እንደተናገሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚህ አልስማማም፤ በእኔም ጋራዥ አይደረግም። ያ መቆለፊያ የተፈጠረው ሰው ፍሬን ሳይረግጥ መኪና እንዳያንቀሳቅስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የኦዲ 5000 መኪኖች በራሳቸው ይፈተለካሉ የሚል ከፍተኛ አቤቱታ ተነሥቶ ነበር፤ ኩባንያው ያኔ ካደረጋቸው ማስተካከያዎች አንዱ ዘንጉ ያለ ፍሬን ከ«ፒ» እንዳይወጣ መቆለፉ ነው። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት፣ በአብዛኛው አሽከርካሪዎች ፍሬን የረገጡ መስሏቸው ነዳጅ መስጫውን መርገጣቸውን አመልክቷል። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2010 ጀምሮ በሚመረቱ ቀላል መኪኖች ላይ ይህ መቆለፊያ በሕግ የግድ ሆኗል፤ ዋናው ምክንያትም ቁልፍ የተተወበት መኪና ውስጥ የሚጫወቱ ሕፃናት ናቸው። መውጫው ዳገት የሆነ ግቢ ውስጥ ሕፃን ልጅ ዘንጉን ወደ «ኤን» ቢስብ ምን እንደሚሆን ያስቡት።

ከዚህም ሌላ ምላሷ ብትወጣ ስዊቹ እንደሞተ ይቀራል። ዘንጉ ሲለቅ ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ የፍሬን መብራት ግን የለም፤ ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ መቆምዎን የሚያውቀው ሲደርስብዎት ነው። እውነቱን ለመናገር ዘንጉ መቆለፉ መብራት እንደሌለዎት ነገረዎት። በካቻቢቴ የሚጫኑት የአስቸኳይ መክፈቻም አዲሱ ስዊች እስኪገባ መኪናዋን ከመንገድ ለማንሳት የተሠራ ነው፤ በእሱ እየከፈቱ መመላለስ አይገባም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦

ውይይቱ ለእኔም ጠቅሞኛል፤ የእኔ ችግር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፎርድ ፊውዥን 2014 አለኝ፤ ዘንጉ አልተቆለፈም፤ ይልቁንም ከልክ በላይ ልል ሆኗል። ከ«ፒ» ወደ «ዲ» (ወደ ፊት መሄጃ) ሲወርድ ምንም ክብደት አይሰማም፤ ትናንት ደግሞ «ፒ» ላይ አድርጌ እግሬን ሳነሳ መኪናው ወደ ኋላ ሄደ። ደግነቱ ወዲያው ፍሬን ረገጥኩ። በቪዲዮ እንዳየሁት የካቦውን ጫፍ የሚይዝ ጎሚኒ በርካሽ ይሸጣል፤ ሰዎች ኮፈን ከፍተው እቤታቸው ይቀይሩታል። እኔስ ልሞክረው?

የቃሊቲ መካኒክ፦

ከተቆለፈ ዘንግ ይልቅ የላላ ዘንግ እጅግ አደገኛ ነው፤ እባክዎ እስኪጠገን አይንዱት። ከዘንጉ ተነስቶ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ካቦ ጫፉ ላይ ባለ ጎሚኒ አማካይነት ካምቢዮው ላይ ካለች አጭር ክንድ ጋር ይያያዛል። ያ ጎሚኒ ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ ይደርቅና ይፈረፈራል፤ ካቦው ከክንዷ ሲላቀቅ እርስዎ የሚያንቀሳቅሱት ዘንጉን ብቻ ነው፤ ካምቢዮው የቀረው በነበረበት ማርሽ ላይ ነው። ዘንጉ «ፒ» ላይ እያለ መኪናው «አር» ላይ ሊሆን ይችላል፤ የደረሰብዎትም ይኸው ይመስለኛል።

እርስዎ ግን በኪስዎ ማሳደስ የለብዎትም። ፎርድ በጁን 2022 በዚሁ የካቦ ጎሚኒ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ወደ 2.9 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ከ2013 እስከ 2016 የተሠሩ ፊውዥኖች፣ ከ2013 እስከ 2019 የተሠሩ ኤስኬፖች፣ እንዲሁም ሲ-ማክስ፣ ኤጅና ትራንዚት ኮኔክት ከነሞዴላቸው ዓመት ተካተውበታል። ጥገናው ጎሚኒውን ቀይሮ ከላዩ መከላከያ ክዳን ማልበስ ነው፤ ለባለቤቱም በነፃ ይደረጋል። የሻሲ ቁጥርዎን ይዘው ለፎርድ ወኪል ይደውሉ፤ ከዚህ ቀደም ተጠርቶ ተጠግኖ ቢሆንም ደግመው ያስጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ቀድሞ ተጠግነው እንደገና የተጠሩ ናቸውና። እስከዚያው ባለበት ቦታ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ጎማውን በታኮ ይዘው ይተዉት።

በዋስትና የማይሸፈን መኪና ያላችሁ አንባቢዎች ጎሚኒውን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ጎማ ተይዞ፣ የአሮጌውን ጎሚኒ ፍርፋሪ ከካቦው ቀለበት ሙሉ በሙሉ አጽድታችሁ አዲሱን ተጭናችሁ ታስገባላችሁ። ካቦውን መልሳችሁ ከማያያዛችሁ በፊት ግን ዘንጉም ክንዷም «ፒ» ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። በአንድ ማርሽ ልዩነት ከተያያዙ ሞተሩ «ፒ» ላይ አይነሳም፣ ወይም ዘንጉ «ኤን» ሲል ካምቢዮው «ዲ» ላይ ይሆናል። ሽቦ ጠምጥሞ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ መንዳት አይፈቀድም።

የካ ነዋሪ፦

ስዊቹ ተገዝቶ ገብቷል፤ ዘንጉ ፍሬን ስረግጥ «ጠቅ» ብሎ ይለቃል። አሁን ግን የፍሬን መብራቶቹ እግሬን ካነሳሁም በኋላ አይጠፉም። ስዊቹን ወደ ፔዳሉ ይበልጥ ባስጠጋውም ለውጥ የለም።

የቃሊቲ መካኒክ፦

ከፔዳሉ ሥር ምንጣፉን ያንሱና ይመልከቱ፤ የተሰባበረ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ፍርፋሪ አለ? ፔዳሉ ላይ፣ የስዊቹ መርፌ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቀዳዳ ውስጥ የገባች የአዝራር ያህል መቀመጫ አለች። እሷ አርጅታ ከወደቀች መርፌው ቀዳዳውን አልፎ ይወጣል፤ ስዊቹም ፍሬን ሁልጊዜ የተረገጠ ይመስለዋል። እንዲህ ሆኖ ካደረ ባትሪው ያልቃል፤ ዘንጉም ያለ ፍሬን ይወጣል።

የካ ነዋሪ፦

ልክ ነዎት፤ ምንጣፉ ላይ ሦስት ቢጫ ፍርፋሪ አገኘሁ፤ ቀዳዳውም ባዶ ነው። ዕቃዋን ነገ እስካገኝ ድረስ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼዋለሁ።

የቃሊቲ መካኒክ፦

መልካም አድርገዋል። ዋናዋ ካልተገኘች ከሌላ ኮሮላ የወጣች ያገለገለችም ትሠራለች፤ በጥፍርዎ ጫን ሲሏት የማትሰነጠቅ መሆኗን ብቻ ይዩ። ስትገባ ስዊቹን ከመጀመሪያው እንደገና ያስተካክሉት፤ አሁን ያስጠጉት ልክ ከመቀመጫዋ ጋር ፔዳሉን ሊጫነው ይችላል።